ጣሪያ ዘለል ዛፍ

የሥነ ዕፅዋት ሰዎች ስለ ዝናብ ደን ሲጽፉ «ኢመርጀንት» የሚሉት ዛፍ አለ። በአማርኛ «ጣሪያ ዘለል ዛፍ» ብንለው ይስማማል።

በዝናብ ደን ውስጥ የትልልቆቹ ዛፎች አናት ተነካክቶና ተቆላልፎ ክዳን ይሠራል። የደኑ ጣሪያ ይህ ነው፤ አብዛኛው የፀሐይ ብርሃንም እዚያው ይቀራል። ጣሪያ ዘለል የሚባለው ክዳኑን አልፎ አናቱን ለብቻው ከላይ የዘረጋው ነው። «ሰማይ ጠቀስ» አይተካውም፤ ሜዳ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍም ሰማይ ጠቀስ ሊሆን ይችላል፣ የሚዘለው ጣሪያ ግን የለውም።

በአገራችን ለዚህ ስም ቀረሮን የሚቀድመው ያለ አይመስለኝም። በካፋ፣ በሸካና በኢሉባቦር ተራራማ የዝናብ ደኖች፣ እንዲሁም በባሌው ሐረና ይበቅላል። የደኑ ጣሪያ ከ20 እስከ 30 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ቀረሮ 40 ሜትርንም ያልፋል። ግንዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከግርጌው ክንፍ የመሰሉ ሥሮች ይደግፉታል፤ ሲቆስል ነጭ ወተት ያወጣል። የአካባቢው ንብ አርቢዎች ቀፎ ይሰቅሉበታል። ሳይንሳዊ ስሙ ግን «ፑቴሪያ አዶልፊ ፍሪደሪቺ» ነው፤ ከ1907 እስከ 1908 እ.ኤ.አ. መካከለኛውን አፍሪካ በጉዞ ላሰሰው ለጀርመናዊው የመክለንበርግ መስፍን መታሰቢያ መሆኑ ነው። ቀፎ ሰቃዩን ማን አስታወሰው!

ጣሪያውን ከዘለለ በኋላ ቀረሮ ፀሐዩንም ነፋሱንም ያለ ከለላ ይቀበላል። ልጅነቱ ግን ሌላ ነው። ችግኙ የሚያድገው ከታች፣ በጥላ ውስጥ፣ የዱር ቡና በሚበቅልበት ስፍራ ነው። ችግሩም እዚህ ይጀምራል። ገበሬው ቡናው እንዲያፈራለት የደኑን ሥር ይመነጥራል፤ ከቁጥቋጦው ጋር የቀረሮው ችግኝም ይሄዳል። አዛውንቱ ዛፍ ሳይነካ ይቆማል፣ ከላይ ሲያዩት ደኑ ሙሉ ነው፤ ተተኪ ግን ከሥሩ የለም።

የካፋና የያዩ ደኖች በ2010፣ የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። ምዝገባው ግን ምንጠራን አያስቆምም። የግብርና ባለሙያዎች ከቡና ገበሬው ጋር ተስማምተው በየማሳው ጥቂት የቀረሮ ችግኞች ምልክት ተደርጎባቸው እንዲተዉ ሊያደርጉ ይገባል።