የጎጃም ገበሬ አቤቱታ

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ከተማ ይሻላል ገጠር?» እያልን ስንት አሳማኝ ድርሰት ጻፍን! ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ተማሪዎች ግን የተሻለ ርዕስ ከደጃቸው አለ።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የዳሞት ገበሬ ርስቴ ሊነጠቅ ነው ብሎ ተነሳ። ጠመንጃ ብቻ አላነሳም፤ ወኪሎቹን አዲስ አበባ ልኮ ለጃንሆይ አቤት አለ። ልብ በሉ፣ የከሰሰው ንጉሡን ሳይሆን ሹሙን፣ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ነው። (ብልጥ ነው እንግዲህ፤ ዳኛው ንጉሡ አይደሉ?) መንግሥት ጦር አዘመተበት። በኋላ ግን አገረ ገዥው ተነሱ፣ ውዝፉ ግብርም ቀረለት።

አምስተኛ ክፍል ይህንን ለሁለት ተከፍሎ ይጻፈው፤ ግማሹ የገበሬውን አቤቱታ፣ ግማሹ የግብር ሰብሳቢውን መልስ። «ታዲያ መንገዱና ትምህርት ቤቱ በምን ይሠራ?» ሲባል ነው የገበሬው ወገን እርሳሱን የሚነክሰው።