ለበዓል የተጻፈው እንዳይጠፋ

ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ሕግ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ተነፍቶ ነጻነት የሚታወጅበት ዘመን ነው። በኋላ ዘመንም አድባራትና ማኅበራት 25ኛውንና 50ኛውን ዓመት በዚሁ ስም ማክበር ለመዱ። በዓሉ ግን ከዕለቱ ጋራ ያልፋል፤ የሚቀረው የተጻፈው ብቻ ነው።

ይህን የቅኔ ቤት ልጅ ያውቀዋል። መምህሩ በማኅሌት የሚዘርፈው ቅኔ ለዚያው ዕለት ነውና፥ የሰማ ተማሪ በልቡ ካልያዘው ከደጀ ሰላሙ ሳይወጣ ይጠፋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው ባያሳትሙ ኖሮ ስንቱ በተረሳ ነበር!

ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ይህን ልማድ በሌላ መልክ ያዘው። በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፥ «የኮሌጅ ቀን» በሚባለው ዓመታዊ በዓል ተማሪዎች በአማርኛ ግጥም ይወዳደሩ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥም አሰማ፤ የድኻውን ኑሮ በግልጥ ስለ ተናገረ ባለሥልጣኖችን ቅር አሰኘ። የዚያ በዓል ጭብጨባ ጸጥ ካለ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ግጥሙ ግን በጽሕፈት ስለ ተያዘ ዛሬም ይጠቀሳል።

ወደ ሐዲያ ምድር ብንመለስም ነገሩ ያው ነው። ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ከአገሩ ሽማግሎች አፍ የሰማውን መርምሮ፥ በ1980 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የሐዲያን ታሪክ በጀርመንኛ አሳተመ። ምስጋና ይገባዋል። ዳሩ ግን የአያቶቹን ቃል የልጅ ልጅ በባዕድ ቋንቋ ፈልጎ ማግኘቱ ያሳዝናል።

ስለዚህ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፥ ለኢዮቤልዩ የጽሑፍ ውድድር የሚያደርግ ደብር ከአማርኛው ጋራ በሐዲይሳና በከምባትሳ የተጻፈውንም ይቀበል። ያሸነፈውን ብቻ አይያዝ፤ የተሸነፈውንም ከነጸሓፊው ስምና ከነዘመኑ፥ ከዳኞቹም ፍርድ ጋራ በዕቃ ቤት ያኑር። ዳኛ የቃልን ውበት ይመዝናል፤ ታሪክ ግን ምስክርን ይፈልጋል። ቃሉ ያላማረለት ብላቴና የመንደሩን የጥንት ስም ከአያቱ ሰምቶ ጽፎ ይሆናልና።

ድግሱን የበላ ይረሳዋል፤ መዝገቡን ግን ገና ያልተወለደው ያነበዋል።