በግ የሌለው የእረኛ ምግብ

በላስ ቬጋስ የካዚኖ ጎዳና ላይ ባለው የሜክሲኮ ምግብ ቤት፣ ታኮስ ኤል ጎርዶ፣ ሰልፉ እንደ ሥጋው ይለያያል፤ ለበሬው አንድ፣ ለምላሱ ሌላ። እኔ ስደርስ ረጅሙ ሰልፍ ቀይ የሥጋ ቁልል በእሳት ፊት ከሚሽከረከርበት ዘንድ ነበር። ቢላዋው ከላይ ወደ ታች ሲሸረክተው ያየ አዲስ አበቤ «ሻዋርማ!» ማለቱ አይቀርም። አልተሳሳተም። የሚደነግጠው ሥጋው የአሳማ መሆኑን ሲሰማ ነው።

አብሮኝ የነበረው የታክሲ ሾፌር ወዳጄ ወዲያው ወደ በሬው ሰልፍ ዞረ። በዚህች ከተማ ታክሲ የሚነዳው ሐበሻ ብዙ ነው፤ አሳማ የማይነካውም እንዲሁ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም። የምግቡ ታሪክ ግን የሚጀምረው በበግ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከሊባኖስና ከሶርያ ብዙ ሰው ወደ ሜክሲኮ ተሰደደ። ወረቀታቸው የኦቶማን ቱርክ ስለነበር አገሬው «ቱርኮ» ይላቸው ጀመር። ከመካከላቸው ፑዌብላ ከተማ የሰፈሩት የአገራቸውን የበግ ጥብስ በቆመ ዘንግ ላይ እያሽከረከሩ ሸጡ። እ.ኤ.አ. በ1933 የተከፈተው ላ ኦሪየንታል የተባለ ምግብ ቤት ዛሬም ይጠቀሳል። በጉ ቀርቶ አሳማ ገባ፤ ምግቡም «ታኮ አራቤ» ተባለ፣ የዓረብ ታኮ ማለት ነው፤ ታኮ በቂጣ የተጠቀለለ ምግብ ነው። ሥጋው ገና የሚጠቀለለው በስንዴ ቂጣ ነበር።

ሜክሲኮ ሲቲ ሲደርስ መልኩ ተለወጠ። ሥጋው በደረቀ በርበሬና አቺዮቴ በሚባል ቀይ ፍሬ ታሸ፣ የስንዴውን ቂጣ ቶርቲያ ተካው። ቶርቲያ በኖራ ውሃ ከተቀቀለ በቆሎ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው። ከቁልሉ አናት ላይ አናናስ ተሰካ። ከታወቁት ቤቶች ኤል ሁዌኪቶ በ1959፣ ኤል ቲሶንሲቶ በ1966 ተከፈቱ፤ ሁለተኛው «እኔ ነኝ የፈጠርኩት» ይላል። እኔ በበኩሌ አንድ ፈጣሪ መፈለጉን ከንቱ ድካም አድርጌ ነው የማየው፤ የዶሮ ወጥን ፈጣሪ የሚጠይቅ አለ? ይልቅ የሚያስቀው ስሙ ነው። «አል ፓስቶር» ማለት «እንደ እረኛው» ማለት ነው። በጉ ከሄደ በኋላ እረኛው በስሙ ውስጥ ቀረ።

በሜክሲኮና በአሜሪካ ድንበር ላይ ያለችው ቲዋና ይህንኑ «አዶባዳ» ትለዋለች። ኤል ጎርዶም እ.ኤ.አ. በ1972 የተነሳው ከዚያ ነው፤ ቬጋስ የደረሰው ቆይቶ ነው። ለምግቡ ከተማዋ ባዕድ አይደለችም። «ላስ ቬጋስ»፣ ማለትም መስኮቹ፣ የሚለውን የስፓኒሽ ስም ያወጡላት አገሩ የሜክሲኮ በነበረበት ዘመን ያለፉ ነጋዴዎች ናቸው፤ እስከ 1848 ድረስም የሜክሲኮ ግዛት ነበረች።

ወዳጄ የበሬውን ታኮ ይዞ መጣ። ቀዩን ማባያ አፍስሶ በመጀመሪያው ጉርሻ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይቺ እንኳ የእኛ ናት» አለኝ፣ አፉን በእጁ እያራገበ። በርበሬን በጥንት ዘመን ዘርተው ያላመዱት ግን ሜክሲኮዎች ናቸው፤ እኛ ጋ የደረሰው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው። አልነገርኩትም፤ ሁለተኛውን ታኮ እያነሳ ነበር።