አሮጌ መኪና ትቶት የሄደው ቃል

በከፋ ምድር፥ በቦንጋ አቅራቢያ፥ የቡና መገኛ እየተባለች የምትጠራው ማንኪራ ትገኛለች። የዚያ አገር ቡና ቀድሞ በበቅሎ ጀርባ፥ ኋላም በመኪና ተጭኖ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ ኖሯል። ቡናው በወጣበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነገር ገብቷል፤ ይኸውም ቃል ነው።

አውቶሞቢል በመጀመሪያ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ ሰው ሲድሌይ የምትባለውን ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ መጣ። ያን ጊዜ መኪና የንጉሥና የመኳንንት ክብር ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጠላት አገሩን በያዘ ጊዜ ግን የጣልያን ካሚዮን በየመንገዱ በዛ። ከነጻነት በኋላም ያረጀ መኪና በርካሽ ገዝቶ ኑሮውን ለማቅናት የሚጥር ባለንብረት ተነሣ።

ለዚህ ሰው ግን ግዥው ቢረክስ ጥገናው ከበደው። ማለዳ ሞተሩ እምቢ ሲለው ካንዴላውን ነቅሎ ይጠርጋል፤ ካልሆነለትም መንገደኛ ለምኖ ያስገፋል። ጎማው ቢፈነዳ ጎሚስታ ይጠግንለታል፤ ኩሽኔታው ቢሰበር ግን ምትኩ እስኪገኝ ድረስ መኪናው በድንጋይ ተደግፎ ይቆማል። የከፋ ዝናም ብዙ ነውና ጭነቱ በጭቃ መካከል ከቆመ ቡናው ረጥቦ ይሻግታል፤ የብድሩ ቀን ግን አይቆምለትም።

የእነዚህ ቃላት ትርጓሜ ሲመረመር ያስደንቃል። ጎማ በጣልያንኛ የዛፍ ሙጫን ጭምር ይገልጻል፤ ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ ካንዴላም ሻማ ማለት ነው። ሻማው አልበራ ያለው ባለመኪና እንዲህ ያለውን ትርጓሜ ሳያውቅ ቃሉን በድካም ተማረ።

የጠላት ቃል ነውና ከአማርኛ ይውጣ የሚል ሰው ቢኖር፥ ወንጌልና ጳጳስ ከጽርእ መጥተው በግዕዝ ቤተኛ መሆናቸውን ያስብ። ደግሞም ቃሉን ያስለመደው የወራሪው ትእዛዝ አይደለም፤ የተሰበረው ዕቃ ነው። በሊቃውንት አነጋገር ገንዘብ ማለት የራስ የሆነ ነገር ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ወጣ፤ አሮጌ መኪናውን በክረምት ጭቃ እየገፋ ዋጋውን የከፈለው ባለንብረት ግን ቃሉን ገንዘቡ አደረገው።