በሁዳዴ የገባ ነጻነት

በሁዳዴ የሥራ ቀናት የልደታ ማርያም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ከሠርክ በፊት ምንም ሳይቀምሱ ቆመው ያስቀድሳሉ። 55 ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ረጅም ነው። ምእመኑ ግን እሑዶቹን በየስማቸው እየጠራ፣ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ እያለ፣ ወደ ትንሣኤ ይቀርባል። አዲስ አበቤዎች ከፋሲካ ሌላ ነገርም ሲናፍቁ የጾሙባቸው ዓመታት ነበሩ።

የ1929 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 29 ሲገባ የየካቲት 12ቱ የጣሊያን ጭፍጨፋ ገና 17 ቀኑ ነበር። ብዙ ቤት ጾሙን የተቀበለው ሬሳ ቀብሮ፣ ከል ለብሶ ነው። ፋሲካውም እፎይታ አላመጣም፤ ግንቦት 13 ቀን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ።

የ1933ቱ ጾም ግን ሌላ ነው። የካቲት 17 ገባ፤ በማግስቱ የእንግሊዝ ጦር ሞቃዲሾን ያዘ። መጋቢት 17 ሐረር፣ መጋቢት 18 ከረን ከጣሊያን እጅ ወጡ። በጎጃም ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱና አርበኞች እየገፉ ነበር። መጋቢት 28፣ እሑድ፣ የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ዕለቱ ኒቆዲሞስ ነበር። በሌሊት ተደብቆ ወደ ጌታ የሄደው መምህር የሚታሰብበት እሑድ ነው፤ አምስት ዓመት የልቧን በሹክሹክታ ስታወራ ለኖረች ከተማ ከዚህ የተሻለ ቀን የሚገኝ አይመስልም።

ጾሙ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር፤ ተስፋው ፋሲካን አልጠበቀም። ሚያዝያ 12 ትንሣኤ ሆነ፣ ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ገቡ። ከአራት ቀን በኋላ ግንቦት ልደታ ነበረች። ፋሲካ ቢዘገይ ቢዘገይ ከሚያዝያ 30 ስለማያልፍ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ ደጅ የሚበላባት ይህች በዓል ሁልጊዜ ከጾሙ ፍቺ በኋላ ትውላለች። የዚያን ዓመቷ ግን ከጾሙም ከወራሪውም ወዲያ ዋለች።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1938 ዓ.ም. ሁዳዴ፣ የልደታ ሰፈር ሌላ ጅምር አየች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተነሣው መጋቢት 30 ቀን ነው፤ ያውም ከኒቆዲሞስ ማግስት ሰኞ። መነሻው የልደታው ሜዳ፣ አውሮፕላኑ ዳግላስ ሲ-47 ነበር። ጄት ሲመጣ ሜዳው ጠበበና አገልግሎቱ ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ ሰፈሩን ግን የከተማው ሰው ዛሬም ኦልድ ኤርፖርት ይለዋል።