የተለካ ቁጥር እና የተቀዳ ቁጥር፦ የኮምፒውተር ዕቃ ገምጋሚዎችን ለምን እናምናለን?

አዲስ ፕሮሰሰር ወይም ግራፊክስ ካርድ ልትገዙ ስታስቡ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን ኢንተርኔት ላይ ግምገማ እናነባለን። እዚያ ግራፍ አለ፤ ረጅሙ መስመር ያሸንፋል፣ ገንዘባችንም ወደዚያው ይሄዳል። ግን እስቲ አስቡት፦ ገምጋሚው ዕቃውን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከራሱ ከአምራቹ ነው። ድረ-ገጹም የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። ታዲያ ቁጥሩን ለምን እናምነዋለን?

“ሰውየው ታማኝ ስለሆነ” የሚለው መልስ አያስኬድም። ያለፉትን ሃያ አምስት ዓመታት ስናይ እምነቱ የቆመው በሌላ ነገር ላይ ነው፦ ሌላ ሰው ሊደግመው በሚችል ሙከራ ላይ።

እ.ኤ.አ. በ2000 እንጀምር። በዚያ ዓመት ኢንቴልና ኤኤምዲ በጊጋኸርዝ እሽቅድምድም ላይ ነበሩ። ኢንቴል ባለ 1.13 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3 ፕሮሰሰር አወጣ። የቶምስ ሃርድዌር መስራች ቶማስ ፓብስት፣ በሙያው ሐኪም ነው፣ ፕሮሰሰሩ በተረጋጋ ሁኔታ እንደማይሠራ ጻፈ። ከሙከራዎቹ አንዱ የሊኑክስን ከርነል ኮምፓይል ማድረግ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ሥራውን መጨረስ አቃተው። ይህ ሙከራ ጥሩ የሆነው ማንም ሊደግመው ስለሚችል ነው። ወይ ያልቃል፣ ወይ አያልቅም፤ አስተያየት የለበትም። የሃርድ ኦሲፒው ካይል ቤኔትም ችግሩን በራሱ አረጋገጠ። በኦገስት መጨረሻ ኢንቴል ፕሮሰሰሩን ከገበያ ሰበሰበ።

ቀጣዩ ታሪክ ከዚህም ይገርማል። በ2001 ኤቲአይ ራዲዮን 8500 የተባለውን ካርድ አወጣ። ኩዌክ 3 የተባለው ጌም ያኔ የሁሉም ገምጋሚ መለኪያ ነበር። ሃርድ ኦሲፒ ምን አደረገ? በጌሙ ፋይል ውስጥ “ኩዌክ” የሚለውን ስም “ኳክ” ብሎ ቀየረው። ጌሙ ያው ነው፣ ካርዱም ያው ነው። ፍጥነቱ ግን ቀነሰ፣ የምስሉ ጥራት ደግሞ ጨመረ! ድራይቨሩ የጌሙን ስም ሲያይ ጥራት ቀንሶ ፍጥነት ይጨምር ነበር ማለት ነው። “ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም ይኖራል ስንጥር” የሚባለው ለዚህ ነው።

በ2003 ተራው የኤንቪዲያ ሆነ። ስሪዲማርክ 03 በተባለው መለኪያ ፕሮግራም ላይ ድራይቨሩ አቋራጭ እየተጠቀመ እንደሆነ ገምጋሚዎች አሳዩ። የሙከራው ካሜራ ሁሌ በአንድ መስመር ስለሚሄድ፣ ካሜራው የማያየው ነገር አስቀድሞ ይቆረጥ ነበር። ካሜራውን ከመስመሩ ሲያወጡት ምስሉ ተበላሸ። የፕሮግራሙ ባለቤት ፊውቸርማርክ አቋራጮቹን ሲዘጋ የጂፎርስ ኤፍኤክስ 5900 አልትራ ውጤት በ24.1 በመቶ ወረደ።

እስካሁን አጣሪዎቹ ገምጋሚዎች ነበሩ። በጂቲኤክስ 970 ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ካርዱ በ2014 ወጣ፣ ገምጋሚዎችም አሞገሱት። በጃንዋሪ 2015 ካርዱን የገዙ ተራ ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ፦ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው ቢባልም አጠቃቀሙ 3.5 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። ጥያቄው ሲበዛ ኤንቪዲያ ገለጸ፤ የመጨረሻው ግማሽ ጊጋባይት ከቀረው እጅግ የዘገየ ነው። ለገምጋሚዎች የተሰጠው ዝርዝርም ስህተት ነበረበት፤ 64 የተባሉት የምስል ማውጫ ክፍሎች 56 ሆነው ተገኙ። እንደ አናንድቴክ ያሉ ድረ-ገጾች ያሳተሙትን አርመው ምክንያቱን በዝርዝር አስረዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ገምጋሚዎቹ ራሳቸው የለኩት ፍጥነት ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ከአምራቹ ወረቀት የቀዱት ቁጥር ነው። በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ሁለቱ ሲቀመጡ ግን አንባቢ መለየት አይችልም። ያንን ክፍተት የሞላው ዕቃውን በእጁ የያዘ፣ “የእኔ ለምን እንዲህ ሆነ?” ብሎ የጠየቀ አንባቢ ነው። የአንባቢ ቅሬታ እንግዲህ እንደ ጫጫታ መታየት የለበትም፤ ገምጋሚው አንድ ካርድ ሲሞክር አንባቢዎቹ በሺዎች ይሞክራሉ።

ዛሬ ከእነዚህ ድረ-ገጾች አንዳንዶቹ የሉም። ሃርድ ኦሲፒ በ2019 ሥራ አቆመ፤ አናንድቴክም በኦገስት 2024 ተዘጋ። ስለዚህ የማጣራቱ ሥራ ይበልጥ ወደ እኛ እየመጣ ነው። ግምገማ ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ቁጥር ተለካ ወይስ ተቀዳ? ሙከራው እኔ ቤት ልደግመው በምችልበት መንገድ ተጽፏል? ስህተት ሲገኝ እርማቱ እዚያው ገጽ ላይ በግልጽ ይታያል? ለሦስቱም መልስ ካላገኛችሁ፣ ረጅሙ መስመር ብቻውን ገንዘባችሁን እንዳይወስድባችሁ።