አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ፎቶ

ፎቶውን ታውቁታላችሁ። ሰማያዊ ውሃ፣ ከላይ የሚወርድ የፀሐይ ጨረር፣ እንደ ጭስ የተበተነ ጸጉር፣ ከወገብ በታች ደግሞ የሚያብለጨልጭ የዓሣ ጅራት። ሴትየዋ ባሕር ውስጥ ተወልዳ ያደገች ነው የምትመስለው። እውነቱ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ጅራቱን ለማጥለቅ ገንዳ ዳር ተቀምጣ ስትታገል ነበር። ዛሬ ከፊሊፒንስ ደሴቶች እስከ ግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ ድረስ ለዕረፍት የሄደ ሰው ከፍሎ ለአንድ ቀን ሜርሜድ መሆን ይችላል። ጅራቱን ይከራያል፣ አሠልጣኝ ይመደብለታል፣ ከውሃ በታች ፎቶ ይነሣል።

ቀልድ ይመስላል፤ የልጅ ጨዋታ ነገር። ታሪኩን ወደኋላ ስንከተለው ግን የምናገኘው ሌላ ነው። እግሯ በብረት የታሰረ ሕፃን አለች፣ ካሜራ ይዞ ባሕር ሥር የወረደ ሳይንቲስት አለ፣ ቆሻሻ መጣያ የነበረ ምንጭ አለ፤ "እዚህ ውሃ ውስጥ እናንተ አትገቡም" የተባሉ ሰዎችም አሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዱጎንግ እስከ ተረት

በጥር 1493 ክሪስቶፈር ኮሎምበስ በካሪቢያን ባሕር ሲጓዝ ሦስት ሜርሜዶች አየሁ ብሎ መዝግቧል። ሥዕል ላይ እንደሚታዩት ቆንጆ አይደሉም ሲልም ቅር ተሰኝቷል። ምስኪን! ያየው ማናቲ የሚባለውን ግዙፍ ሣር በል የባሕር እንስሳ ሳይሆን አይቀርም። የማናቲ ዘመድ የሆነው ዱጎንግ ደግሞ በእኛው ጎረቤት በቀይ ባሕር ይኖራል። ሳይንቲስቶችም እነዚህን እንስሳት የመደቡበትን ወገን "ሳይሬኒያ" ብለውታል፤ ስሙ የመጣው በግሪክ ተረት መርከበኞችን በዜማ ከሚያማልሉት ሳይሬኖች ነው።

በ1837 ዴንማርካዊው ሀንስ ክርስቲያን አንደርሰን የትንሿን ሜርሜድ ተረት አሳተመ። በፊልም ብቻ የምናውቀው ብዙዎቻችን ዋናው ተረት ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ አናውቅም። ልጅቷ እግር ለማግኘት ድምፅዋን ትሰጣለች፤ ምላሷ ይቆረጣል። እግር ካገኘች በኋላም እያንዳንዱ እርምጃ ስለት ላይ እንደመርገጥ ያማታል። ልዑሉን ደግሞ አታገኘውም።

እስቲ አስቡት፤ በተረቱ ሜርሜዷ እግር ለማግኘት ትከፍላለች፣ እኛ ደግሞ ዛሬ እግራችንን ለመደበቅ እንከፍላለን። በሁለቱም በኩል ግን ዋጋውን የሚከፍለው ሰውነት ነው።

በብረት የታሰሩ እግሮች

የሜርሜድን ጅራት ከተረት አውጥታ ወደ ዋና ያመጣችው ሴት አኔት ኬለርማን ትባላለች። በ1886 ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ተወለደች። በልጅነቷ እግሮቿ ደካማ ስለነበሩ የብረት ድጋፍ ታስሮላቸው ነበር። ወላጆቿ ዋና ያስጀመሯት ሻምፒዮን እንድትሆን ሳይሆን እግሯ እንዲጠነክርላት ነው። ውሃ ውስጥ ክብደት የለም፣ ማንከስም የለም። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ስትደርስ ግን ልጅቷ ውድድር ታሸንፍ ጀመር። በሜልበርን ከተማ የዓሣ ማሳያ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ከዓሦች ጋር እየዋኘች ለተመልካች ትርኢት አሳየች።

በ1905 ከአባቷ ጋር ወደ እንግሊዝ ሄዳ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን የባሕር ወሽመጥ ዋኝታ ለመሻገር ሦስት ጊዜ ሞከረች። አልተሳካላትም፤ ስሟ ግን ገነነ።

ያኔ ሴት ልጅ ባሕር ዳር ስትሄድ ቀሚስ፣ ሱሪና ካልሲ ለብሳ ነበር የምትገባው። ጨርቁ ውሃ ሲጠጣ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ገምቱ። በዚያ ልብስ መንቦጫረቅ ይቻል ይሆናል፤ መዋኘት ግን አይታሰብም። ኬለርማን ሰውነት ላይ የሚጣበቅ አንድ ወጥ የዋና ልብስ መልበስ ጀመረች። በ1907 ቦስተን አጠገብ ባለው ሬቪር ቢች በዚህ ልብሷ ምክንያት ፖሊስ እንደያዛት በሕይወት ዘመኗ ደጋግማ ተርካለች። ተመራማሪዎች በዘመኑ ጋዜጦች ላይ ማስረጃ ፈልገው ስላጡ ታሪኩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ልብሱ ግን አያከራክርም፤ ዛሬ በየገንዳው የምናየው እሱኑ ነው።

ከዚያ ፊልም መጣ። በ1911 ሊዋኙበት የሚቻል የሜርሜድ ጅራት ለብሰው በፊልም ከታዩት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆነች። በ1914 በተሠራው "የኔፕቱን ልጅ" ቀረጻ ላይ የመስታወት ገንዳ ፈንድቶ እሷም ዳይሬክተሩም ቆሰሉ። በ1952 ሆሊውድ የኬለርማንን ሕይወት "የሚሊዮን ዶላር ሜርሜድ" ብሎ ሲሠራ ዋናዋን ሚና የያዘችው ኤስተር ዊልያምስ ነበረች። ለአንድ ትዕይንት የብረት ዘውድ ደፍታ ከከፍታ ስትዘል አንገቷ ላይ አጥንት ተሰብሮ ለወራት ሰውነቷ በጄሶ ታስሮ ቆየ። ተመልካች ግን ያየው ፈገግታዋን ብቻ ነው።

ካሜራው እንዴት ሰመጠ?

የታሪኩ ሌላኛው እግር ካሜራው ነው። በ1893 ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሉዊ ቡታን በደቡብ ፈረንሳይ ባንዩል በሚባል የባሕር ዳር ከተማ ካሜራውን ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ አሽጎ ወረደ። ባሕር ሥር ብርሃን ስለሚያንስ አንድ ፎቶ ለማንሣት እስከ ሠላሳ ደቂቃ የሚጠብቅበት ጊዜ ነበር። ሠላሳ ደቂቃ! ዛሬ ስልካችን ሁለት ሰከንድ ሲያስጠብቀን እንናደዳለን።

ቀለም ያለው የባሕር ሥር ፎቶ የመጣው በ1926 ነው። ዊልያም ሎንግሊ እና ቻርልስ ማርቲን ፍሎሪዳ ውስጥ ዓሣ በቀለም ለማንሣት የማግኒዝየም ዱቄት በታንኳ ላይ ጭነው እያፈነዱ ባሕሩን በብርሃን ያጥለቀልቁት ነበር።

ይህን ሁሉ ወደ ዕረፍት ፎቶ የቀየረው ግን ብሩስ ሞዘርት ነው። በ1938 ፍሎሪዳ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግስ ወደሚባለው የጠራ ምንጭ መጣና ለካሜራው ውሃ የማያስገባ ሳጥን በራሱ እጅ ሠራ። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ሴቶችን ውሃ ሥር እያስቀመጠ ፎቶ አነሣ። ስልክ የሚያወሩ፣ ሥጋ የሚጠብሱ፣ ሻምፓኝ የሚጠጡ ሴቶች፤ ሁሉም ውሃ ውስጥ። የጥብሱ ጭስ ከጣሳ የሚለቀቅ ወተት ነበር። የሻምፓኙ አረፋ ደግሞ የሚፈላ የጨጓራ መድኃኒት። ያኔ ፎቶሾፕ የለም። የነበረው ወተት፣ ኪኒንና ትንፋሿን የያዘች ሴት ናት።

ከቆሻሻ መጣያ እስከ ቲያትር

እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ ዊኪ ዋቺ የሚባል ምንጭ አለ። በ1940ዎቹ አጋማሽ የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂዎች አሠልጣኝ የነበረው ኒውተን ፔሪ ሲያገኘው ሰው አሮጌ ፍሪጅና የተጣለ መኪና ሳይቀር ይደፋበት ነበር። አስጠረገው። ከውሃው ወለል በታች በመስታወት የተዘጋ 18 መቀመጫ ያለው ትንሽ ቲያትር ሠራ። ሴቶች ከአየር ቱቦ እየተነፈሱ ውሃ ሥር እንዲቆዩ አሠለጠናቸው፤ ፈገግ እያሉ፣ ሙዝ እየበሉ፣ እየደነሱ። ጥቅምት 13 ቀን 1947 የመጀመሪያው ትርኢት ተከፈተ።

በዚያ መንገድ የሚያልፍ መኪና ጥቂት ስለነበር መኪና ሲሰማ ሴቶቹ በዋና ልብሳቸው መንገድ ዳር ወጥተው እጅ እያወዛወዙ ሰው ያስገቡ ነበር። ሰው ሲገባ ሮጠው ውሃ ውስጥ ይዘላሉ፤ ሜርሜድ ይሆናሉ። የምንጩ ውሃ ዓመቱን ሙሉ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ለአምስት ደቂቃ ደስ ይላል፤ ለሙሉ ትርኢት ግን ያንዘፈዝፋል። መንዘፍዘፍ ደግሞ የትርኢቱ አካል አይደለም።

ቦታው ዛሬም አለ፤ ከ2008 ጀምሮ የግዛቲቱ ፓርክ ነው።

ማን ይገባል፣ ማን አይገባም?

እስካሁን ያወራሁላችሁ ፎቶዎች ሁሉ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ውሃው ውስጥ ያሉት ነጭ ሴቶች ናቸው። በአጋጣሚ አይደለም። ያኔ ፍሎሪዳ በዘር መለያየት ሕግ ሥር ነበረች። ሲልቨር ስፕሪንግስ ለነጮች ብቻ ነበር። በዚያው ወንዝ፣ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ በ1949 "ፓራዳይዝ ፓርክ" የሚባል ለጥቁር ጎብኚዎች የተለየ መዝናኛ ተከፈተ። ውሃው አንድ ነው፣ ወንዙ አንድ ነው፣ መግቢያው ሁለት። እስከ 1969 ድረስ ሠራ። ያው ሞዘርት እዚያም እየሄደ ፎቶ ያነሣ ስለነበር፣ ያማረ የዋና ልብስ የለበሱ፣ የሚስቁ፣ የሚንቦጫረቁ ጥቁር ቤተሰቦች ምስል ዛሬ ድረስ አለ።

ይህ ያለፈ ነገር ነው ብለን እንዳንዘጋው፣ በ2022 ዲዝኒ ጥቁሯን ድምፃዊት ሃሊ ቤይሊን "ትንሿ ሜርሜድ" አድርጎ የሠራውን ፊልም ቅንጫቢ ሲለቅ ኢንተርኔት ላይ የወረደውን ስድብ አስታውሱ። ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች ሴት ትኖራለች ብሎ መቀበል አልከበዳቸውም፤ ጥቁር ትሆናለች ብሎ መቀበል ግን ከበዳቸው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ጥቁር ሕፃናት ቅንጫቢውን አይተው በደስታ ሲጮሁ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ተሰራጩ። ሁለቱም ከአንድ ታሪክ የመጡ ናቸው። ለብዙ ዘመን ከገንዳ የተከለከለ ሕዝብ ለልጁ ዋና አያስተምርም። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ልጆች ከነጮቹ በበለጠ መጠን ገንዳ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው።

የእኛስ አገር? ሕግ አልከለከለንም፤ ነገር ግን ብዙ ወንድ ልጅ ዋና የተማረው ከእናቱ ተደብቆ ወንዝ ወርዶ ነው። ሴት ልጅ ያንን እንኳ አታገኝም። "ቁጭ በይ፣ ልብስሽን ሰብስቢ" ተብላ ያደገች ሴት በሠላሳ ዓመቷ ለዕረፍት ሄዳ ጅራት ለብሳ ውሃ ውስጥ ስትገባ፣ ነገሩ ለላይክ ብቻ ነው ብሎ መቀለድ ቀላል ነው። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ያ ለአንዳንዷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ውሃ ሥር ያስገባችበት ቀን ነው።

ጅራቱን ከማጥለቃችሁ በፊት

ታዲያ የጀማሪዎቹ ትምህርት ምን ይመስላል? መጀመሪያ ጅራቱ። ውስጡ ሁለቱን እግር አንድ ላይ የሚይዝ ሰፊ ፕላስቲክ አለ፤ ሞኖፊን ይባላል። ላዩ ጨርቅ ወይም ሲሊኮን ነው። የጨርቁ ቀላል ስለሆነ ለጀማሪ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ሲሊኮኑ ከአሥር ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። እግር ለየብቻ ማወራጨት የለም። እንቅስቃሴው ከደረት ይጀምራል፣ በሆድ ያልፋል፣ በጅራት ያበቃል፤ እንደ ዶልፊን።

ከዚያ ፎቶው። መነጽር የለም፣ ዓይን ይገለጣል፣ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። ካሜራውን በደንብ አታዩትም፤ ግን እንደሚያይ ሰው ማየት አለባችሁ። ጆሮ ሲጫናችሁ አፍንጫ ይዞ ቀስ ብሎ አየር መግፋት ያስፈልጋል። ፊት መጨማደድ የለበትም፣ ጉንጭ መነፋት የለበትም፣ እጅ መለስለስ አለበት። ውሃ ቀዩን ቀለም ቀድሞ ስለሚውጠው ፎቶ አንሺው ቀረብ ብሎ ያነሣል። ለአንድ ያማረ ምስል ብዙ ጊዜ መውረድና መውጣት አለ።

አንድ ነገር ግን ከቁም ነገር ቁጠሩልኝ። ከመጥለቅ በፊት ቶሎ ቶሎ በኃይል መተንፈስ ትንፋሽ ያስረዝማል የሚሉ ሰዎች አሉ። አደገኛ ነው። "ተንፍሺ" ብሎ የሚያስጨንቀን በደማችን ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ እሱ ይቀንሳል፣ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፤ ኦክስጅን ግን እያለቀ ነው። ሰውየው ሳይጨነቅ፣ ደስ እንዳለው፣ ራሱን ይስታል። አበው "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ያሉት ይህን ለመግለጽ የተባለ ይመስላል። ስለዚህ ዋና ለማይችል ሰው ጅራት አይደለም መጀመሪያው፣ ዋና ነው። ብቻን መጥለቅ የለም። ጅራቱን በፍጥነት እንዴት እንደምታወልቁ ሳያሳይ ወደ ጥልቁ የሚወስዳችሁ አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ ፎቶው ይቅር።

ኬለርማን ወደ ውሃ የገባችው እግሯን ለመደበቅ አልነበረም፤ ከብረቱ ለማስለቀቅ ነበር። ፓራዳይዝ ፓርክ ውስጥ የሚስቁት ሰዎች ጅራት አልለበሱም፤ ፎቶዎቹ ግን ከየትኛውም የሜርሜድ ምስል ይበልጥብኛል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የአንዲት እህታችሁ የውሃ ሥር ፎቶ ሲመጣ "ኧረ ይቺ ደግሞ!" ከማለታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ትንፋሻችሁን ያዙና ቁጠሩ። ስንት ላይ ለቀቃችሁ? እሷ በዚያች ሰዓት ዓይኗን ገልጣ ፈገግ እያለች ነበር።